የጾም ወፎች

እኔ ሰው የማምነው ከተቀበረ በኋላ ነው። ባሌን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስከ ሞተበት ሳምንት ድረስ ኪሱን እፈትሸው ነበር። አንድም ቀን ምንም አላገኘሁበትም፤ አለማግኘቴ ደግሞ የባሰ አጠራጠረኝ። ቁይ ከተማ ላይ የግንባታ ዕቃ የምትሸጠው ፈንታዬ ማለት እኔ ነኝ። ሲሚንቶ የሚነግድ ሰው ካልጠረጠረ አንድ ቀን ከረጢቱን ሲፈታ አመድ ያገኛል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ብሎ የተረተው ሰው ነጋዴ መሆን አለበት።

ስለዚህ የኋላሸት በጥቅምት ወር ሱቄ ገብቶ፣ ሚስማርም ቆርቆሮም ሳይጠይቅ፣ «እትዬ፣ ጣሪያዎን ባየው ቅር ይልዎታል?» ሲለኝ፣ «ጣሪያዬ ምን አደረገህ?» ነበር መልሴ።

ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ አለኝ። በአካባቢው ካለው ቤት ሁሉ ከፍ ያለው የእኔ ነው፤ ታች ሱቅና መጋዘን፣ ላይ መኖሪያ፣ ከዚያ በላይ ባሌ ሌላ ፎቅ ሊጨምርበት ብረቱን እንዳቆመ የሞተበት ባዶ ኮንክሪት። እዚያ ላይ ራዳር ሊተክል ፈለገ።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ወፍን ከድሮን ለመለየት ነው።»

የፈቃድ ወረቀቱን አምጣ አልኩት። ማኅተሙ ደህና ነው፤ ጽሑፉ ግን «የአእዋፍ ጥናት» ይላል። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ድሮን የሚል ቃል የለበትም።

«ለቢሮው ወፍ ነው ያልከው፣ ለእኔ ድሮን ነው ያልከው። ለሦስተኛው ሰው ምን ልትለው ነው?»

ሳቀ። «ድሮን ብዬ ብጽፍ ማን ይፈቅድልኛል እትዬ?»

መልሱ ልክ ነበር። እኔን ደግሞ የሚያስፈራኝ ልክ የሆነ መልስ ነው።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ላይ እያየ ነበር የሚሄደው። ከእኛ ወዲያ ባሉ መንደሮች ድሮን አደረሰ የሚባለውን እንሰማለን፤ ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ ግን የሟቹም የገዳዩም ስም መንገድ ላይ ተለዋውጧል። ገበያው በጊዜ ይበተናል። ለቅሶ ላይ ሰው ተራርቆ ይቀመጣል። ሰርግ የደገሰ ሰው ዳስ መጣል ትቶ እንግዳውን በየዘመዱ ቤት እየከፋፈለ ያበላል። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቁ ራሱ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። አንድ ሰው ከመንገድ መጥቶ «ሳይደርስባችሁ ላስታውቃችሁ እችላለሁ» ሲለኝ ታዲያ ልቤ ሁለት ሆነ። አንዱ ልቤ «ይህን የሚያውቅ ከእነሱው ወገን ነው» አለኝ። ሌላው ልቤ ልጄን አሰበ።

ልጄ ማርያማዊት ትባላለች። ሌላ ልጅ የለኝም። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። «እማዬ፣ ፍቀጂለት። ብረቱስ እንዲሁ ዝጎ ሊቀር አይደል» አለችኝ። ፈቀድኩ። ጣሪያዬን ፈልጎ የመጣው ሰው ልጄን ይዞ ሊሄድ መሆኑን የነቃሁት ዘግይቼ ነው። ሰማዩን ስጠረጥር ልጄ ወደ ጣሪያው የምትወጣበትን ደረጃ ረሳሁት።

ዕቃው ተሟልቶ ሥራ የጀመረው የዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። መስኮት የምታህል ጠፍጣፋ ነገር በብረት ላይ ቆማ ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ትዞራለች። ሥሯ ኮምፒውተር አለ። የኋላሸት ደግሞ ከትምህርት ነጻ በሆነበት ቀን ሁሉ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ማርያማዊት ከዘጠኝ በኋላ ሽሮውን ይዛ ትወጣለች፤ እኔም አንዳንድ ጊዜ ከኋላዋ ምክንያት ፈልጌ እወጣለሁ።

«እስቲ አስረዳኝ፤ ምኑን ነው የሚያየው?» አልኩት አንድ ቀን።

«አያይም እትዬ። ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ የሆነ ነገር ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣል። ወፍ ክንፏን ስታርገበግብ የሚመለሰው ይንቀጠቀጣል። የድሮን ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ገና ከሩቅ ሲመጣ በአረማመዱ ይለዩት የለ? እንደዚያ ነው።»

«ኮምፒውተሩ የማንን አረማመድ ያውቃል?»

«ከራሱ ምንም አያውቅም። እኔ ነኝ የማስተምረው። የድሮኑን ምሳሌ ከውጭ ተመራማሪዎች ወስጃለሁ። የወፉን ግን እዚሁ፣ በእኛ ሰማይ ላይ ያለውን ነው የማሳየው። ይህ ርግብ ነው፣ ይህ ዋኖስ ነው፣ ይህ ቁራ ነው እያልኩ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ከዚያ አዲስ ሲመጣ ራሱ ይለያል።»

ፈተንኩት። ጀርባውን ለሰማዩ ሰጥቶ ኮምፒውተሩን ብቻ እንዲያይ አደረግሁና እኔ ወደ ላይ አየሁ። ርግብ አለ፤ ርግብ ነበር። ቁራ አለ፤ ቁራ ነበር። ማርያማዊት በድል አድራጊነት አየችኝ። «እኔም ለቁራ ራዳር አያስፈልገኝም» ብዬ ወረድኩ።

የንስሐ አባቴን ቄስ ገዳሙን አማከርኳቸው። እሳቸው በክርስትና ስሜ ነው የሚጠሩኝ። «ወለተ ሐዋርያት፣ ልጁ ጾመኛ ነው፤ ትሑት ነው፤ ምን ቀረሽ?» አሉኝ።

«ጋኔንም እህል አይበላም አባቴ» አልኳቸው። ለዚህች አፌ ስግደት ሰጡኝ።

ነገሩ የተለወጠው በጾሙ እኩሌታ፣ የደብረ ዘይት እሑድ ነው። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ገና ደጀ ሰላሙ ላይ እያለ ጣሪያዬ ላይ ከራዳሯ ጋር የተገናኘው የማስጠንቀቂያ ጡሩንባ ጮኸ። የኋላሸት አስቀድሞ ለሰዉ ነግሮ ስለነበር ሁሉም ተበትኖ ባሕር ዛፍ ሥር ገባ። ጥቂት ቆይቶ ያ የምናውቀው ጉርምርምታ መጣ፤ ከላያችን አለፈ፤ ሄደ። ማንንም አልነካም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁይ የኋላሸትን ተሸክማ ልትዞር ምንም አልቀራት። ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤቴ ይርዳው፣ ጾም ስለሆነ ሥራ ፈቶ የሚውለው ይርዳው፣ ትከሻውን ሳመው። «እንግዲህ ተሰብስበን መብላት ጀመርን ማለት ነው» እያለ ያለቅሳል።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ነቢይና አስቀድሞ የተነገረው። የኋላሸት ነቢይ አይመስልም። ስልክ ሲደወልለት ወጥቶ ነው የሚያወራው። ማርቆስ ሄዶ ሲመለስ የማላውቀው ዕቃ ይዞ ይመጣል። «ማን ሰጠህ?» ስለው «የሥራ ባልደረባዬ» ይላል፤ ስሙን ስጠይቀው ይነግረኛል፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው አፈላልጌ ስጠይቅ ደግሞ እውነት ሆኖ ይገኛል። አንዲት ውሸት አጣሁበት። ባሌን አስታወሰኝ።

ሽማግሌ ላከ። ለሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሰጥቼ መለስኳቸው፤ ደግመው መጡ፤ ደግሜ መለስኳቸው። በሦስተኛው ማርያማዊት ክፍሌ ገብታ በሩን ዘጋች።

«እማዬ፣ አባዬንም እንዲህ እየፈተሽሽ ነው ያኖርሽው። የሚያርፍበት ጥግ አጥቶ ነው የሞተው።»

እንዲህ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«እወደዋለሁ» አለችኝ። «ግን አንቺ እናቴ ነሽ። አንድ ውሸት ያዢበት። አንዲት። ይኼው በዚህ አፌ፣ ያን ቀን እተወዋለሁ። ካልያዝሽበት ደግሞ መርቀሽ ስጪኝ።»

ፈለግሁ። እግዜር ያውቃል፣ አጥብቄ ፈለግሁ። አጣሁ። ሽማግሌዎቹን እሺ አልኳቸው፤ ሰርጉም ለዳግም ትንሣኤ ተቆረጠ።

መብራት ከስቅለት ዋዜማ ጀምሮ ጠፋ። ፋሲካን በሻማ ዋልን፤ ሳምንቱን ሁሉ ራዳሯም ሳትዞር ቆመች። ለሰርጉ ጄኔሬተር ተከራየሁ። ዳሱን ከቤቱ ጀርባ፣ በግቢዬ ውስጥ አስጣልኩ፤ አንድ ትልቅ ዳስ፣ ላዩ ሸራ፣ ጎኑ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ሰው ሲያየው ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር፤ ዳስ ካዩ ቆይተዋል። የመጡትም በእኔ አምነው አይደለም፤ ጣሪያው ላይ ያለችውን መሣሪያ አምነው ነው። ከቁይ ብቻ ሳይሆን ከጉንደ ወይን ከተማም ዘመድ መጣ። ይርዳው በማለዳ ሁለት በሬ ጥሎ፣ ከአጥሩ ሥር በኩል ሆድ ዕቃውንና ቆዳውን ከምሮ፣ እስከ ክርኑ በደም ተነክሮ ይዘፍናል።

የኋላሸት ከሚዜዎቹ ጋር ሲደርስ ገና ከመኪና ወርዶ ያደረገው ነገር ቢኖር በዚያ በነጭ ሱፉ ጣሪያ ላይ መውጣት ነው። ገመድ ስቦ ራዳሯን ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኛት።

«ሙሽራ ነህ ኤሌክትሪሻን?» አልኩት።

«ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ እትዬ? እንዴት ዝም ብዬ እበላለሁ?»

ደስ አለኝ። ደስ ማለቴን ለራሴ እንኳ አልነገርኩም።

ሙሽሮቹ ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ፣ እኔ ከዳሱ አፍ ላይ ወጡን በጭልፋ እያወጣሁ ሳለ ጡሩንባው ጮኸ።

ሙዚቃው ተቋረጠ። አንዱ ለማዳመጥ ብሎ ጄኔሬተሩን ሲያጠፋው ጡሩንባውም አብሮ ጸጥ አለ። የኋላሸት ስልኩን አየ፤ መሣሪያዋ ያየችውን ወደ ስልኩ ትልካለች። ፊቱ አመድ መሰለ። ተነሥቶ ከዳሱ ጫፍ ወጥቶ ወደ ላይ አየ፤ እኔም አየሁ። የሚያዝያ ሰማይ ነው፤ በአቧራ ነጭ ሆኗል፤ ምንም አይታይበትም። ወደ አጥሩ ዞሮ የይርዳውን ክምር አየ። እንደገና ወደ ላይ አየ።

ሰዉ መነሣት ጀምሯል። የግቢዬ በር አንድ ነው፤ እሱም ወደ አስፋልቱ የሚያወጣ ጠባብ የቆርቆሮ በር። እናቶች ልጅ እየፈለጉ ነው። አንዲት አሮጊት ቀድመው ወድቀዋል።

የኋላሸት አግዳሚ ላይ ዘሎ ወጣ። «ተቀመጡ!» አለ። ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼበት አላውቅም። «ወፍ ነው! አሞራ ነው! ሥጋውን አይቶ ነው የመጣው! አውቀዋለሁ፤ ማንም እንዳይሮጥ!»

ሰዉ ባለበት ቀረ። እሱን ካላመኑ ማንን ሊያምኑ ነው? አንድ ሁለቱ ተቀመጡ፤ ሌላውም ተከትሎ ተቀመጠ። ቄስ ገዳሙ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ።

እሱ ከአግዳሚው ወርዶ ወደ ልጄ ጆሮ ጎንበስ አለ። አንድ ነገር ነገራት። እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ተነሣችና በቤቱ የኋላ በር ወደ ሲሚንቶው መጋዘን ገባች፤ ላዩ ኮንክሪት፣ ጎኑ ድንጋይ ወደሆነው። ማንም ልብ አላለም። የእኔ ዓይን ግን ለእንዲህ ያለው ነገር የተፈጠረ ነው። የኋላሸት እስከዚያ በር ሸኝቷት ሲመለስ በአጠገቤ አለፈ። ጭልፋዬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካኝ ነበር። አላየኝም።

የቢራ ሳጥን ላይ ቁጭ አልኩ። «አውቀዋለሁ» ያለው ሰው ሚስቱን ለምን ድንጋይ ሥር ያስገባል? ይህን አሰብኩ። ቀጥዬ ደግሞ «ልጄ ከኮንክሪት ሥር ናት» አልኩ፤ በእውነት ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሸራ ሥር ተቀምጦ እኔ ደስ አለኝ።

ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ የዳሱ ሸራ ላይ ጥላ አለፈ። ሁለተኛ አለፈ። ከዚያ ከአጥሩ ላይ አንድ ትልቅ፣ መላጣ አሞራ ዘጭ ብሎ አረፈና ሁላችንንም በንቀት አየን። ሌላው ተከተለው። ይርዳው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እልልታው ሲነሣ ሸራው የሚቀደድ መሰለኝ።

የኋላሸት ከውኃ በርሜሉ አጠገብ ብቻውን ቆሞ ፊቱን ሲታጠብ አገኘሁት።

«አውቀህ ነው?» አልኩት።

ፊቱን በሱፉ እጅጌ ጠረገ።

«የኋላሸት፣ አውቀህ ነው ወይ?»

«መሣሪያው ድሮን ነው ነበር ያለኝ፤ ያለ ጥርጥር ነው ያለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አሞራ ሲያንዣብብ ክንፉን አያርገበግብም እትዬ፤ ዘርግቶ ብቻ ይዞራል። መሣሪያው እንዲያ ያለ ወፍ አይቶ አያውቅም። ያስተማርኩት በጾም ነው። በጾም ማን ያርዳል? ሥጋ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነበር፤ አሞራው ምን ሊያደርግ ይመጣል? ሰማዩ ላይ ያየሁት ርግብ፣ ዋኖስና ቁራ ብቻ ነው። በፋሲካ ደግሞ መብራት የለም። እኔም እየጾምኩ ነበር፤ ጨርሶ አልመጣልኝም። አሁን ክምሩን ሳይ ነው የመጣልኝ።»

«እና አወቅህ?»

«ጠረጠርኩ እንጂ አላወቅሁም። ቢሮጡ ግን በሩ ላይ ይረጋገጡ ነበር።»

እውነቱን ነገረኝ። ልጄን መጋዘን ያስገባበትን ምክንያት አልጠየቅሁትም። ከጥቅምት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልጠይቅ ያለፍኩት ጥያቄ ነው።

ዳሱ ውስጥ ስመለስ ጨዋታው ሌላ ሆኗል። ይርዳው አግዳሚው ላይ ቆሞ፣ «ከእንግዲህ ጡሩንባው ሲጮኽ ሥጋ ደረሰ ማለት ነው!» ይላል፤ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ልጆቹ አንዱ እንደ ጡሩንባ ይጮኻል፣ ሌሎቹ ቁጭ ይሉና እንደ በላተኛ ያኝካሉ። ቄስ ገዳሙ ሊመርቁ ተነሥተው፣ «ልጃችን አውቆ አዳነን። ከእንግዲህ ሲጮኽ ልባችሁ አይሸበር» አሉ። «አሜን» አለ ሕዝቡ።

ያ «አሜን» አጥንቴ ውስጥ ገባ። የሚመጣው የገበያ ቀን ታየኝ። የማርያም ንግሥ ታየኝ። ጡሩንባው ሲጮኽ ቁጭ ብለው የሚስቁ ሰዎች ታዩኝ። ዝም ብል የልጄ ሰርግ አማረ ማለት ነው። ብናገር ሙሽራውን በገዛ ሰርጉ ማዋረዴ ነው፤ ልጄም ዕድሜዋን ሙሉ ይቅር አትለኝም።

«አሜን አትበሉ» አልኩ።

ዘወር አሉ።

«አላወቀም። ጠርጥሮ ነው። መሣሪያው አሞራን አይለይም፤ በጾም ነው የተማረ። ዛሬ እግዜር አተረፈን። ሁለተኛ ሲጮኽ ግን እንዳትቀመጡ።»

ይርዳው በቀስታ ከአግዳሚው ወረደ። «እውነት ነው ልጄ?» አሉ ቄስ ገዳሙ፣ ወደ የኋላሸት እያዩ።

የኋላሸት መሬቱን አየ። «እውነታቸውን ነው» አለ።

ሰው መሄድ ጀመረ። ተሰድቦ እንደሚሄድ አይደለም፤ ሰበብ እየፈጠረ፣ «ከብት አለብኝ»፣ «መንገዱ ሩቅ ነው» እያለ፣ ሁለት ሦስት እየሆነ፣ የቤቱን ጥግ ጥግ ይዞ። አንዳንዱ ሥጋውን ሳይቀምስ ነው የሄደው። ቀድሞ ያመሰገኑት ሁሉ ሲሄዱ ወደ የኋላሸት ዞር እያሉ ያዩት ነበር፤ እኔ ከጥቅምት ጀምሮ ሳየው በነበረው ዓይን።

ማርያማዊት እልልታውን ሰምታ ከመጋዘኑ ወጥታ ስለነበር ንግግሬን ሁሉ ሰምታለች። እኔንም እሱንም በእጇ ጠርታ ወደ ሱቁ አስገባችን። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ወደ እኔ ዞር አላለችም።

«ካላወቅህ፣ እኔን ለምን መጋዘን አስገባኸኝ?» አለችው። «ሂጂና ቀሚስሽን አስተካክዪ ነበር ያልከኝ።»

የኋላሸት የሱፉን ቁልፍ ነካካ።

«ፈርተህ ነው?»

«ፈርቼ ነው።»

«ለእኔ?»

«ላንቺ።»

ፊቷ ሲለሰልስ አየሁ። እኔም ሴት ነኝ፤ እንዲያ ብሎ የፈራልኝ ሰው ቢኖር ፊቴ ይለሰልስ ነበር። ከዚያ ግን እንደገና ጠጠረ።

«እናቴስ?» አለችው።

የኋላሸት ወደ መሬት አየ።

«የዳሱ አፍ ላይ ነበረች። በአጠገቧ አልፈህ ነው የተመለስከው። እናቴን ለምን ውጭ ተውካት?»

ውጭ ሚዜዎቹ መኪናውን አስነሥተው ይጠብቃሉ። ልጄ የቀለበት ጣቷን በሌላው እጇ ይዛዋለች። የኋላሸት ረስቶኝ ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያው አልታየሁትም። እኔ ዝም ብል ብቻ በቂ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ የፈለግሁት ነገር በገዛ እግሩ መጥቶ ፊቴ ቆሟል፤ ልጄ እቤቴ ትቀራለች፤ እኔም ልክ ነበርኩ እላለሁ። ፊቷን አየሁት። አባቷ በሞተ ጊዜ እንኳ እንዲያ አልሆነችም።

«ነግሮኛል» አልኩ። «ይግቡ ብሎኝ ነበር። እንግዳ ጥዬ የት እገባለሁ ብዬ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ።»

ማርያማዊት እኔን አላመነችም፤ ታውቀኛለች። ወደ እሱ ዞረች። «እውነት ነው?»

እኔም አየሁት። በሆዴ ለመንኩት። አልነገርኳቸውም በል፤ ረሳኋቸው በል፤ ቅድም በርሜሉ አጠገብ እንደነበርከው ሁን። እንዲያ ቢል ልጄ ትቆጣ ነበር፣ ታለቅስ ነበር፣ ምናልባትም ሰርጉ በዚያ ይቀር ነበር፤ እኔ ግን እድሜ ልኬን አምነው ነበር።

ዓይኑን ከመሬት አነሣ። ቀጥ አድርጎ አያት፤ እንዲያ ቀጥ ብሎ ሰው ሲያይ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አዎ» አላት። «ነግሬያቸው ነበር።»

ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «ምነው በገባሽ እማዬ፤ ምነው ለአንድ ቀን እንኳ ሰው ብትሰሚ» እያለች አለቀሰች። ጉልበቴን ሳመች። እሱም ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ፤ እጄን ራሱ ላይ ጭኜ መረቅሁት፣ ውለዱ ክበዱ አልኩ። መኪናው ግቢውን ለቆ ወደ ማርቆስ መንገድ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩ።

ሲዋሽ ልይዘው ስንት ወር ስጠብቅ ኖሬ፣ ያዝኩት። ያስዋሸሁት ግን እኔው ስለሆንኩ ለልጄ ልነግራት አልችልም።